የሚዶ ሠሪው ልጆች

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ህይወት ፀጉሯን ለመሠራት ዊንጌት አካባቢ ወዳለ ፀጉር ቤት ስትሄድ እኔም ተከትያት ሄድኩ። በማግስቱ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትቀበል ነበር። እኔ የምሠራው ፀጉር ኖሮኝ አይደለም፤ የቀረችኝን ሽበት ሻሽ ካሰርኩባት ይበቃታል። ከማስተማር ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ሰው ነይ ካለኝ እሄዳለሁ፤ ለምን እንደምሄድ ራሴን አልጠይቅም። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ሆኜ የታክሲውን ሰልፍ በመስኮት እያየሁ ሳለ፣ ፀጉር ሠሪዋ የጋለውን የፀጉር መተኮሻ ፒያስትራ ይዛ የህይወትን ፀጉር ከላይ ወደ ታች ሳበችው። ጫፉ ጨሰ። ትንሽ ጭስ ናት፤ ሌላ ሰው ልብ የሚላትም አይመስለኝም።

«ይቅርታ እማማ፣ ሸተተዎት መሰለኝ። መስኮቱን ልክፈተው?» አለችኝ ልጅቷ።

«ተይው የኔ ልጅ። እኔ በዚህ ሽታ ነው ያደግሁት» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አልቀለድኩም። የተቃጠለ ፀጉርና የተቃጠለ ቀንድ ሽታቸው አንድ ነው። እኔ ደግሞ የቀንድ ሚዶ ሠሪ ልጅ ነኝ። ሚዶ ስል ማበጠሪያ ማለቴ ነው፤ የአሁን ልጆች ቃሉን ላያውቁት ይችላሉ። ሌላ ሰው የልጅነቱ ሽታ ድንገት ሲመጣበት ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ድምፁ ይሰበራል፤ በዕድሜ እኩዮቼ ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እኔን እንደዚያ አያደርገኝም። ሽታው መጣ፣ ከኋላው ግቢያችን መጣ፣ አባባና እማዬ፣ ወንድሜ ተሾመ፣ እኔም ራሴ፣ ሁላችንም በየሥራ ቦታችን ቆመን ታየን። የሌላ ቤተሰብ ፎቶግራፍ እንደማየት ነው። አየሁት፣ በቃ።

ቤታችን ከጉለሌ ወደ ቀጨኔ በሚያሻግረው ዳገት ላይ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ሞባይል መጠገኛ ነው፣ ከላይ ስፖርት የሚሠሩበት ቤት አለ መሰለኝ፣ በታክሲ ሳልፍ ሙዚቃው ይሰማኛል። ያኔ የቆርቆሮ በር ነበረው፣ ከውስጥ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ከጀርባ ደግሞ አባባ በገዛ እጁ ያቆመው ረጅም የቆርቆሮ ቤት። ሰፈርተኛው «ቀንድ ቤት» ይለው ነበር፤ መንገድ የጠፋበት ሰው «ቀንድ ቤትን እለፍና ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይባላል። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ሸክማቸውን አሳርፈው ትንፋሽ ይወስዱ ነበር። ከእነሱ አንዷ ባለፈች ቁጥር «እናንተ ልጆች፣ እዚህ ውስጥ እንዴት ነው የምትተነፍሱት?» ትለናለች። እኛ ሽታ መኖሩን የምናውቀው ሰው ሲነግረን ብቻ ነበር።

አባባ ሥራውን የለመደው ከቀንድ የኮት ቁልፍ ይሠራ ከነበረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። በወጣትነቱ ተቀጥሮለት ኖሮ፣ ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ መጭመቂያውን ለአባባ ትቶለት ሄደ። መጭመቂያው ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ብረት ነው፤ ከላዩ እንደ መኪና መሪ የሚዞር መዘውር ነበረው። መዘውሩ ሲዞር አንድ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ቀስ እያለ ይወርድና ከሥሩ ያገኘውን ሁሉ ይጨምቃል። ቀንዱ ከቄራ በአህያ ተጭኖ ይመጣና በርሜል ውስጥ ይሰነብታል፤ ውስጡ ያለው አጥንት ሲላቀቅ እማዬ ደብድባ ታወጣዋለች። ከሥራው ሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ እማዬም ለማንም ሰጥታው አታውቅም። አባባ ጫፉንና ሥሩን በመጋዝ ቆርጦ ይሰነጥቀዋል። በከሰል ላይ ሲሞቅ ቀንድ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል፤ በጉጠት ከፍቶ በሁለት የጋሉ ብረቶች መሀል ያስገባዋል፣ ተሾመ መዘውሩን ያዞራል፣ ቀንዱም ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ነበር። ሞርሳ ላይ አስሬ ጥርሱን በመጋዝ አወጣለሁ፣ በሞረድ አስተካክላለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ በመጨረሻ ዘይት በነካ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። በስምንት ዓመቴ በጨርቁ ጀመርኩ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቴ መጋዙ እጄ ገባ። የመጋዙ ዱቄት ቅንድባችን ላይ ያርፋል፣ ምሳ ስንበላ ወጡ ውስጥ እናገኘዋለን። የተወለወለውን ሚዶ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጌ ማየት እወድ ነበር። ጥቁር የመሰለው ቀንድ ፀሐይ ሲያገኘው የማር ቀለም ያወጣል፣ ውስጡ ቀጫጭን መስመር ይታያል፤ እንደ ሰው ፊት ነው፣ ሁለት አንድ ዓይነት የለም። መውደዴን አስታውሳለሁ። መውደዱ ራሱ ምን ይመስል እንደነበር ግን ጠፍቶብኛል።

አንዱ ሚዶ ስሙኒ ይሸጥ ነበር፣ ደህና የተወለወለው ሽልንግ። በስሙኒ ያኔ ትምህርት ቤት በር ላይ ሁለት ሳምቡሳ ተገዝቶ መልስ ይመጣል። እማዬ እሑድ እሑድ ባለ ጠረን ሳሙና አውጥታ ሁለታችንንም ቆዳችን እስኪቀላ ታሽን ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ግን ገና ከመቀመጤ አጠገቤ ያለችው ልጅ ወንበሯን ታርቃለች። አረንጓዴ ዩኒፎርም ነበረን፣ ኮሌታው ነጭ፤ ኮሌታዬ ነጭ ሆኖ መዋሉ ያጽናናኝ ነበር። ተሾመን «ቀንዶ» ይሉት ነበር። እሱ መጀመሪያ ተደባደበ፣ ቀጥሎ የሎሚ ልጣጭ ኪሱ ውስጥ መያዝ ጀመረ፣ በኋላ ደግሞ ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ አፋቸውን አዘጋቸው። ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ፊዚክስ ላይ የሚደርስበት አልነበረም፤ የጎረቤት ሬዲዮ ሲበላሽ ወደ እሱ ነው የሚመጣው። ጠረጴዛ ላይ በታትኖት ስናየው አበቃለት እንላለን፣ ማታ ግን ሬዲዮው ይዘፍናል። ኮሌጅ ገብቶ የመብራት መሐንዲስ እንደሚሆን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። መዘውሩን የሚያዞረው እስከዚያ ድረስ ነው።

ከዚያ የአፍሮ ዘመን መጣ። መቼ እንደጀመረ በትክክል አላውቅም፤ አንድ ክረምት ሳናስበው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ፀጉሩ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ተገኘ። ሱሪው ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ ተከፈተ፣ የጫማው ተረከዝ ወጣ፣ የሸሚዝ ኮሌታ ትከሻ ድረስ ደረሰ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን አሳጠሩ፣ እናቶች ተሳደቡ። ዊንጌት መንገድ ላይ ባለው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ ሸክላ ይዞራል፤ ሳክስፎን የበዛበት ዘፈን፣ ግጥሙን ሳናውቅ እናንጎራጉረው የነበረ። ተሾመም አፍሮ አሳደገ። ችግሩ ግን ሚዶ ሠሪ ቤት ውስጥ የእሱን ፀጉር የሚያበጥር ሚዶ አልነበረም። የእኛ ሚዶ ጥርሱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ለሹሩባ የሚሆን ነበርና ጫካው ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። አንድ ቀን ከተረፈ ወፍራም ቀንድ ላይ ጥርሱ ጣት የሚያህል፣ ሰባት ጥርስ ብቻ ያለው፣ ከላይ በጡጫ የሚያዝ ሚዶ ቆርጬ ሠራሁለት። ከኋላ ኪሱ አስገባው፣ መያዣው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ እንዲታይ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጣ።

«ሚዶውን ማን ሠራልህ ብለው ጠየቁኝ» አለኝ።

«ምን አልካቸው?»

«እኅቴ ናት አልኳቸው። አላመኑኝም። ግን ይፈልጋሉ፣ ክፍሉ በሙሉ ይፈልጋል።»

አባባ ሚዶውን ከተሾመ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ይሄ ሚዶ ነው ወይስ ሹካ?» አለ። ለረጅም ጊዜ ከእጁ አላስቀመጠውም። ከዚያ አንድ ወፍራም ቀንድ መርጦ ወደ ሞርሳዬ አመጣልኝና «እስቲ ሌላ ሥሪ፣ ልይሽ» አለኝ። ከዚያ ቀን በፊት አባባ እኔ ስሠራ ቆሞ አይቶኝ አያውቅም ነበር።

በጥቂት ወራት ውስጥ ሹካው የቤታችን ዋና ሥራ ሆነ። በዊንጌት መንገድ ሱቅ የነበረው ጋሽ ሰይድ፣ ወሎዬ ነው፣ ሁልጊዜ ነጭ ቆብ ያደርጋል፣ መጀመሪያ አሥር ወሰደ፣ ተመልሶ ሠላሳ ወሰደ። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ራሱ ዳገቱን ወጥቶ መጣና ለዘመን መለወጫ ሁለት መቶ እንድናደርስለት ጠየቀ። «መርካቶም ፒያሳም ላስገባው ነው። የሚሠራው ማነው ብለው ሲጠይቁኝ አንዲት ልጅ ናት እላቸዋለሁ፤ ውሸታም ይሉኛል» ብሎ ሳቀ። አባባም ሳቀ። ትከሻዬን በዱቄታም እጁ መታ አደረገኝ። የመታኝ የግራ እጁ ነበር።

ያ ክረምት ዝናብ የበዛበት ነበር። ትምህርት ዝግ ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ቀንድ ቤት ነን። እማዬ ያን ቀን ቀጨኔ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ ነበር። ከምሳ በኋላ ተሾመ ሸሚዙን ቀይሮ ሲወጣ በር ላይ አገኘሁት፤ ጓደኞቹ ፒያሳ ሲኒማ ይጠብቁታል፣ ፊልሙ የመጨረሻ ቀኑ ነው። «አባባ ከጠየቀሽ መጣሁ ብሏል በይ» ብሎኝ ወረደ። ሚዶው ከኋላ ኪሱ ብቅ ብሎ ሲሄድ አየሁት። እኔ ወደ ሞርሳዬ ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ አባባ ከከሰሉ አጠገብ ተጣራ።

«ተሾመ! የት ሄደ ይሄ ልጅ?»

«መጣሁ ብሎ ወጣ።»

«ቀንዱ እየቀዘቀዘ ነው። ነይ ሙሉ፣ አንቺ አዙሪልኝ።»

መዘውሩን አዙሬ አላውቅም ነበር። እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ፣ በሰውነቴ ክብደት ነው ያወረድኩት። የመጀመሪያው ደህና ወጣ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም ደህና ወጡ። «ጎበዝ» አለኝ። ዝናቡ መጣ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች አይደማመጡም። ቀንዱ ከብረቶቹ መሀል ሸርተት ብሎበት አባባ በግራ እጁ ሊያስተካክለው ገባ። «ቆይ» ብሏል። ማለቱን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ሰምቼዋለሁ ወይ የሚለውን ግን ይኸው ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ አላውቅም። አዞርኩት። በመዘውሩ በኩል ወደ እጄ የመጣው ስሜት ከሌላው ጊዜ የተለየ አልነበረም። ቀንድ ሲጨመቅ እንደሚሰማው ነው የተሰማኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አባባ አልጮኸም። «መልሺው» አለኝ። መልሼ አዞርኩት። እጁን አወጣው፣ እኔ ሚዶ የምወለውልበትን ጨርቅ ከትከሻዬ ወስዶ ጠቀለለው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፣ ድምፁ ግን የተለመደው ድምፁ ነው።

«ወደ ቤት ግቢ» አለኝ። «አንቺ እዚህ አልነበርሽም።»

«አባባ—»

«ምስር ስትለቅሚ ነበር። ግቢ።»

ገባሁ። ሰፌዱን አወረድኩ፣ ምስሩን ዘረገፍኩ። አባባ በገዛ እግሩ ወጥቶ ባለታክሲውን ጎረቤታችንን ሲጠራ፣ በሩ ሲከፈት፣ መኪናው ሲነሳ ሰማሁ። ምስሩን ለቀምኩ። ለቅሜ ስጨርስ መልሼ ዘረገፍኩትና እንደገና ለቀምኩት። እማዬ እየጮኸች ስትገባ ሦስተኛዬ ላይ ነበርኩ፤ በምስሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር አልቀረችም ነበር።

የግራ እጁ አራት ጣቶች ተቆረጡ፤ አውራ ጣቱ ብቻ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ወሰዱን። አባባ አልጋው ላይ ተደግፎ ለሚጠይቀው ሁሉ ያንኑ ይናገራል። «ተሾመ አልነበረም፤ ብቻዬን በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ በሌላው አዞርኩት። ጥፋቱ የእኔው ነው» ይላል። ጎረቤት ከንፈር ይመጥጣል። ተሾመ ከአልጋው ግርጌ የብረቱን ዘንግ ይዞ ቆሞ ይሰማል። አባባ እኔን አላየኝም፤ እኔም ወለሉን ነበር የማየው፣ ወለሉ ግራጫና ነጭ ሸክላ ነበረው። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልኩ የጠያቂ ሰዓት አለቀና ወጣን።

ተሾመ በማግስቱ ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጨ። የአባባን ሽርጥ አሸርጦ ቀንድ ቤት ገባ። የጋሽ ሰይድን ሁለት መቶ ሚዶ እኔና እሱ ጨረስን፤ እሱ ይከፍታል፣ እማዬ ብረቱን ትይዛለች፣ እሱ ያዞራል፣ እኔ ጥርስ አወጣለሁ። ጋሽ ሰይድ ሊረከብ ሲመጣ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ፣ ሚዶዎቹን ሳይቆጥር ጭኖ ሄደ። መስከረም ጠባና ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ተሾመ አልተመዘገበም። የፊዚክስ አስተማሪው ዳገቱን ወጥቶ መጥቶ ለመነው። እማዬ አለቀሰች። አባባ «ራሱ ያውቃል» ብቻ አለ። እኔ አረንጓዴ ዩኒፎርሜን ለብሼ በሩን አልፌ ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት ስወጣ ከቀንድ ቤቱ በር ላይ ሆኖ «ደብተርሽን ይዘሻል?» ይለኝ ነበር፣ እንደ አባት።

የቀረው ቶሎ ያለቀ ይመስለኛል፣ ሲኖሩት ረጅም ቢሆንም። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። ወደ ክፍለ ሀገር የምሄድ ቀን ተሾመ ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኝ። መስኮቱ ሥር ቆሞ ሳለ «ተሾመ፣ ያን ቀን» ብዬ ጀመርኩ። «ያን ቀን ተይው። ስትደርሺ ጻፊ» ብሎ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ እንደ ረዳቶቹ። አውቶቡሱ ሄደ። ጂኦግራፊ ሳስተምር ሠላሳ አምስት ዓመት ቆየሁ፤ የማላውቃቸውን ወንዞች ሁሉ ሰሌዳ ላይ ስያለሁ። በዚህ መሀል ዘመኑ ተለወጠ፣ አፍሮውም አብሮ ተላጨ፣ ሱሪው ጠበበ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሌላ ዓይነት ዘፈን መጣ። ቀጥሎ የፕላስቲክ ሚዶ መጣ፣ ቀይና ቢጫ፣ በአንዱ የቀንድ ሚዶ ዋጋ ሦስት የሚገዛ። ተሾመ ወደ ቁልፍ ዞረ፣ ወደ ጫማ ማጥለቂያ ዞረ፣ ለቱሪስት የሚሸጥ ዋንጫም ሠራ። በመጨረሻ መጭመቂያውን አሮጌ ብረት ለሚሰበስቡ ሰዎች ሸጦ አናጢ ቤት ተቀጠረ። አግብቶ ህይወትን ሲወልድ አርባን አልፎ ነበር። እኔ አላገባሁም፤ የጠየቀኝ ጠፍቶ አይደለም፣ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አልመጣልኝም እንጂ።

አባባ ሲሞት ለቅሶው ላይ ያው ታሪክ ተነሳ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ይህ ሰው ልጆቹን ለማሳደግ ብቻውን ሲታገል እጁን ያጣ ነው አሉ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከእማዬ አጠገብ ቆሜ ነበር። እንባ አልመጣም። «ደንግጣ ነው፣ ድንጋጤ ነው ያደረቃት» ሲሉ ሰማሁ። አልደነገጥኩም። እጄን በእጄ ይዤ፣ ሽማግሌው መቼ እንደሚቀመጡ እየጠበቅሁ ነበር።

ፀጉር ቤት ውስጥ ይህን ሁሉ ሳይ ምን ያህል ጊዜ እንደሄደ አላውቅም። ህይወት በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ነበር።

«እትዬ፣ አባዬ የሚለው ሽታ ይሄ ነው አይደል?»

«እሱ ነው።»

«ትናንት ጋዋኑን ለብሼ ሳሳየው ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አያትሽን ብቻውን ጥዬው ሲኒማ ባልሄድ ኖሮ እጁን አያጣም ነበር፣ እኔም ይሄን እለብስ ነበር። በቃ አንቺ ለብሰሽልኛል› አለኝ። እኔ እኮ አለቀስኩ።»

«አይ አባት!» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ፒያስትራውን አየር ላይ እንደያዘች።

ያን ጊዜም የተለየ ነገር አልተሰማኝም፤ እግሬ ትንሽ ቀዘቀዘኝ፣ ሌላ አይደለም። ግን አንድ ነገር አሰብኩ። እስከዚያ ቀን ዝምታዬ የሚያስከፍለው ተሾመን ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ልጅቱ ይዛዋለች፣ ነገ ጋዋን ለብሳ ይዛው ትቆማለች፣ ወልዳ ደግሞ ለልጆቿ ትነግራለች።

ፀጉሯ አልቆ ቀጨኔ፣ ተሾመ ቤት ደረስን። ህይወት ለጎረቤት ልታሳይ ወደ ጓሮ ዞረች። ተሾመ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የነገውን ጫማውን እየቦረሸ ነበር። ሰባ ሊሞላው ነው፤ ክንዱ አሁንም ወፍራም ነው።

«ተሾመ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አልኩት።

«ንገሪኝ» አለ ቀና ሳይል።

«አባባ ያን ቀን ብቻውን አልነበረም። መዘውሩን ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

ብሩሹ አልቆመም። የጫማውን አፍንጫ ጨርሶ ወደ ተረከዙ ዞረ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሆስፒታሉ። ሙሉ፣ እኔ እኮ ያንን መዘውር አምስት ዓመት አዙሬዋለሁ፣ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ። አንድ እጁ ሥሩ ተይዞ በሌላው አዞረው ቢሉ ሐኪሙ ያምን ይሆናል። እኔ አላምንም። ቤት ውስጥ ደግሞ ካንቺ ሌላ ሰው አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አባባ ብቻዬን ነበርኩ አለ። እሱ ብቻዬን ካለ አልነበርሽም።»

«ትምህርትህን ግን—»

«ማን ይሥራ? እሱ በአንድ እጁ? ወይስ አንቺ ያንን ነገር ደግመሽ ትነኪው ነበር?»

አልነካውም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በጎኑ እንኳ ሳልፍ ዞሬ ነው።

«ለህይወትስ ለምን እንደዚያ ነገርካት?»

«ምን ልንገራት ታዲያ? እንደ እትዬ ካልሆንኩ እያለች ነው እኮ እዚህ የደረሰችው።» ጫማውን አገላብጦ አየና ሌላውን አነሳ። «እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ነው ያለኝ። ያን ጊዜ፣ እዚያው ቆመሽ ሳለ፣ አባባ ምን አለሽ?»

«ወደ ቤት ግቢ፣ እዚህ አልነበርሽም አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ምስር ስትለቅሚ ነበር አለ።»

ብሩሹ ቆመ። ጫማውን ከጉልበቱ ላይ አውርዶ ደረጃው ላይ አስቀመጠው።

«እኔን ምንም አላለኝም» አለ። «እስኪሞት አብሬው ስሠራ አንድ ቀን እንኳ የት ሄደህ ነበር አላለኝም። ስጠብቅ ነበር። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? መዘውሩን ባዞርኩ ቁጥር ዛሬ ይለኛል እያልኩ ነበር።»

ከጓሮ የሴቶች እልልታ ተሰማ፤ ህይወትን እያሽከረከሩ እያዩዋት ይሆናል።

«አንቺስ?» አለኝ። «ያን ቀን ምን ተሰማሽ?»

«ምንም።»

«አሁንስ?»

ለአንዴ እንኳ በደንብ ልመልስለት ፈልጌ አሰብኩ። ውስጤን ፈለግሁ፣ ሰው የጨለመ ክፍል ውስጥ ግድግዳ በእጁ እንደሚፈልግ።

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነበር። እሱም ራሱን ነቀነቀ፣ ይህም መልስ እንደሆነ ሁሉ።

ህይወት ከጓሮ መጣችና ፊቱ ዞረችለት። «አባዬ፣ እንዴት ነው?»

ቀና ብሎ አያት። «ቆንጆ ነው» አላት። ቀጥሎ ወደ እኔ አየት አደረገና «ለእትዬሽ ወንበር አምጪላት፣ ከመጣች ጀምሮ ቆማ ነው ያለችው» አለ።

መቆሜን አላወቅሁም ነበር። ህይወት ወንበሩን አምጥታ ከእሱ አጠገብ አደረገችልኝ። ተቀመጥኩ።